የእንግሊዝኛ ቃላትን በፍቺና በምሳሌ ዓረፍተ ነገር ማዳበር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በዙሪያቸው የሚገኙ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ለሥራቸው እንግሊዝኛ የሚያስፈልጋቸው ጎልማሶች፣ ስለ ቃላት አጠናን አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል። የእንግሊዝኛ ቃላቱ እዚህ በፊደላችን የተጻፉት ለንባብ እንዲመቹ ብቻ ነው፤ በደብተር ላይ ግን ሁልጊዜ በላቲን ፊደል ሊጻፉ ይገባል። ምክንያቱ ስለ አነባበብ በተነሣው ጥያቄ ሥር ይገኛል።

ቃሉን ከነአማርኛ ትርጉሙ ብሸመድደው አይበቃኝም?

ለመጀመሪያ ትውውቅ ይበቃል፤ ለመናገርና ለመጻፍ ግን አይበቃም። «ጎት» ማለት ፍየል ነው ብሎ መያዝ ምንም ጉዳት የለውም፤ እንስሳው አንድ ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያያል። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ቋንቋዎች አንዱን ጉዳይ በተለያየ ቦታ ሲከፍሉት ነው። አማርኛ ገንዘብን መበደር፣ ዕቃን ደግሞ መዋስ ብሎ ይለያል፤ ጎረቤት ሙቀጫ ይዋሳል እንጂ አይበደርም። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ቦሮው» ይላል፤ ነገር ግን ሰጪው ሲነሣ ፈጽሞ የማይመሳሰል ሌላ ቃል፣ «ሌንድ»ን፣ ያመጣል። በአማርኛ «ተዋሰ» እና «አዋሰ» ከአንድ ሥር የሚወጡ በመሆናቸው ተማሪው በእንግሊዝኛም አንዱን ቃል ለሁለቱም ያውለዋል፤ በየክፍሉ የሚሰማው «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» የሚለው አባባል የተወለደውም በዚህ ምክንያት ነው። ፍቺውን ያነበበ ተማሪ ግን «ቦሮው» የሌላ ሰው የሆነን ነገር ለመመለስ አስቦ መውሰድ፣ «ሌንድ» ደግሞ እንዲመለስ አድርጎ መስጠት መሆኑን ስለሚያይ፣ ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሆነ አይምታታበትም።

«ማሸነፍ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ጨዋታን፣ ዋንጫን ወይም ሽልማትን ስናሸንፍ «ዊን»፣ ተጋጣሚን ስናሸንፍ ደግሞ «ቢት» እንላለን። የደሴ ቡድን የኮምቦልቻን ቡድን ረታ ለማለት «ደሴ ዎን ኮምቦልቻ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ በአንባቢው ዘንድ ኮምቦልቻ ለደሴ በሽልማት ተሰጠች እንደማለት ይቆጠርበታል። በሁለት ዓምድ የተሰለፈ የቃላት ዝርዝር፣ አንዱ በእንግሊዝኛ አንዱ በአማርኛ፣ ይህን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም።

ፍቺው ራሱ በእንግሊዝኛ ሲሆን አይገባኝም። ምን ላድርግ?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ የተያዘው መዝገበ ቃላት ለማን እንደተዘጋጀ ማየት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለሆነ ሰዎች የሚዘጋጁ መዛግብተ ቃላት አንዱን ከባድ ቃል በሌላ ከባድ ቃል ይፈታሉ። ለተማሪ የሚዘጋጁት ግን ሌላ ዓይነት ናቸው። ማይክል ዌስት የተባለው የእንግሊዝኛ መምህር እ.ኤ.አ. በ1935 ባዘጋጀው መዝገበ ቃላት 24,000 ያህል ቃላትንና ሐረጎችን የፈታው በ1,490 ቃላት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የሎንግማን የተማሪዎች መዝገበ ቃላትም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ፍቺዎቹን 2,000 ገደማ በሚሆኑ የተመረጡ ቃላት ወስኗል። ይህ ማለት እነዚያን 2,000 ቃላት በደንብ የያዘ ተማሪ ቀሪውን በእንግሊዝኛ ፍቺ ብቻ መማር ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የኮቢልድ መዝገበ ቃላት ደግሞ ፍቺውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሚሰጥ፣ ተማሪው ትርጉሙንና አገባቡን በአንድ ጊዜ ያገኛል።

እነዚያ 2,000 ቃላት ገና ካልተያዙ በእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት መጀመር ነውር የለበትም። የዶክተር አምሳሉ አክሊሉን መዝገበ ቃላት የመሳሰሉ ሥራዎች ለብዙ ዘመን ተማሪን ሲያገለግሉ የኖሩት በከንቱ አይደለም። የሚመከረው አካሄድ በመጀመሪያ አማርኛውን ማየት፣ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን ፍቺ ማንበብ፣ ከዚያም አማርኛው ያልነገረንን ነገር ከእንግሊዝኛው ፈልጎ ማስመር ነው። ያቺ የተሰመረባት ክፍል ልትጠና የሚገባት ናት፤ ሌላውን አስቀድመን እናውቀዋለን።

የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ከፍቺው በላይ ምን ይጨምራል?

ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ያሳያል። የደሴን የሐምሌ ዝናብ በእንግሊዝኛ ለመግለጽ የተነሣ ተማሪ «ኃይለኛ» የሚለውን ቃል ፈልጎ «ስትሮንግ» ያገኛል፤ ፍቺውንም ቢያነብ የሚከለክለው ነገር የለም፤ «ስትሮንግ ሬይን» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ዝናብን «ሄቪ»፣ ነፋስን «ስትሮንግ»፣ የጦሳን ተራራ የሚሸፍነውን ጉም ደግሞ «ሲክ» ይለዋል። ለዚህ ሕግ የለውም፤ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ከፍቺ ውስጥ አይገኝም፣ ከዓረፍተ ነገር ውስጥ እንጂ። በአማርኛም «ዝናቡ ከባድ ነው» እና «ዝናቡ ጠንካራ ነው» በሚሉት መካከል ጆሯችን ያለ አስተማሪ ይመርጣል፤ ይህን ምርጫ ያገኘነው ሲነገር ሰምተን ነው።

ሁለተኛው ጥቅሙ ሰዋስዋዊ ነው። «ኢንጆይ» የሚለው ግስ ከኋላው «ሪዲንግ» እንጂ «ቱ ሪድ» እንደማይከተለው፣ «ዲስከስ» የሚለው ደግሞ «አባውት» እንደማይፈልግ በፍቺው ላይ አይጻፍም፤ በምሳሌው ላይ ግን ተቀምጧል፣ ልብ ያለው ያየዋል። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» በሚለው አማርኛችን ውስጥ «ስለ» ስላለ፣ «ዲስከስድ አባውት» ብሎ መጻፍ በሁላችንም ዘንድ የተለመደ ነው።

ሁሉም ምሳሌ እኩል አይደለም። «ሺ ኢዝ ጄነረስ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ትክክል ቢሆንም ስለ ቃሉ ምንም አይናገርም፤ በ«ጄነረስ» ቦታ ቁመተ ረጅም፣ የታመመች ወይም የተቆጣች የሚል ቃል ቢገባ ያው ነው። «ሺ ኢዝ ጄነረስ፤ ሺ ኦልዌይስ ጊቭስ ፉድ ቱ ትራቨለርስ» የሚለው ግን ቃሉን ያላወቀ ሰው እንኳ ቸር የሚል ትርጉም እንዲገምት ያደርገዋል። ምሳሌ ሲመርጡ ይህን መፈተኛ ይጠቀሙ፦ ቃሉን በጣት ሸፍነው ቢያነቡት፣ ቀሪው ዓረፍተ ነገር ወደ ቃሉ ይመራል ወይስ አይመራም?

የራሴን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ትክክል መሆኑን የሚነግረኝ ሰው የለም። እንዴት ልለማመድ?

ከባዶ አይጀምሩ። የመዝገበ ቃላቱን ምሳሌ እንዳለ ይገልብጡ፤ ከዚያም አጥንቱን ሳይነኩ ስሞቹን ብቻ በራስዎ አካባቢ ስሞች ይተኩ። ለምሳሌ «ሪላይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ፤ ፍቺው አንድን ሰው ወይም ነገር መተማመኛ ማድረግ ወይም ያለ እርሱ መኖር አለመቻል ማለት ነው። በመዝገበ ቃላቱ ላይ ስለ አንዲት ደሴት ነዋሪዎች በቱሪስት ገንዘብ ስለ መተዳደራቸው የሚናገር ዓረፍተ ነገር ያገኛሉ እንበል። በደብተርዎ የላይኛው መስመር ቃሉን፣ ከጎኑም የግድ የሚከተለውን «ኦን» አብረው ይጻፉ፤ ሁለቱን ለያይቶ መጻፍ ቃሉን ግማሹን ብቻ መማር ነው። በሁለተኛው መስመር ፍቺው፣ በሦስተኛው የተገለበጠው ምሳሌ፣ በአራተኛው የእርስዎ ይቀመጥ፦ «ሜኒ ፋርመርስ ኢን ወሎ ሪላይ ኦን ዘ በልግ ሬይንስ።» አጥንቱ የመዝገበ ቃላቱ ስለሆነ ሰዋስው አይሳሳትም፤ ሥጋው የእርስዎ ስለሆነ አይረሳም። በወሎ ደጋ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው የበልግ ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው፣ «ሪላይ» የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው በሽምደዳ ሊነገረው አያስፈልግም።

በአምስተኛው መስመር ላይ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ሌላ ይጻፉ፦ ጊዜውን ወደ ኃላፊ፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ወደ አሉታ። ከዚያ በላይ መጨመር አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ሙሉ ለአንድ ቃል የሚያውል ተማሪ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ይተወዋል። መምህር ወይም እንግሊዝኛው የተሻለ ጓደኛ ከተገኘ የራስዎን መስመሮች ብቻ ያሳዩ።

አንዱ ቃል በፊዚክስ መጽሐፍ አንድ፣ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሌላ ትርጉም ሲሰጥ የቱን ልያዝ?

ሁለቱንም፣ ነገር ግን ለየብቻ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ይህ ጥያቄ ብዙ ተማሪዎችን ያስቸግራል። «ወርክ» በዕለት ንግግር ሥራ ነው፤ በፊዚክስ ግን ኃይል ያረፈበት አካል ወደ ኃይሉ አቅጣጫ ሲንቀሳቀስ የሚገኝ ስሌት ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ያለ እንቅስቃሴ የቆመ ወዛደር በዕለት ንግግር ሥራ ላይ ነው፤ በፊዚክሱ ፍቺ ግን በጤፉ ላይ ምንም «ወርክ» አልሠራም። ይህን ለወዛደሩ ባይነግሩት ይሻላል። «ፓወር»፣ «ሴል»፣ «ሶሉሽን» እና «ቴብል» የሚሉትም ቃላት እንደ ትምህርቱ ዓይነት ፍቺያቸው ይለወጣል። ስለዚህ በደብተርዎ ላይ የትምህርቱን ስም ከፍቺው በፊት ይጻፉ፤ ለእያንዳንዱ ፍቺም የራሱ ምሳሌ ይኑረው።

የሳይንስ ፍቺ ከመማሪያ መጽሐፉ እንጂ ከአጠቃላይ መዝገበ ቃላት መወሰድ የለበትም። በፈተና ላይ የሚጠየቀው የመጽሐፉ ፍቺ ነው።

በአማርኛ የምንጠቀምባቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ይረዱኛል ወይስ ያሳስቱኛል?

ብዙዎቹ ይረዳሉ፤ ጥቂቶቹ ግን እኛ ዘንድ ከመጡ በኋላ ሌላ ኑሮ ጀምረዋል። እዚህ «ሆቴል ገብተን ምሳ በላን» ስንል አልጋ የሌለውንም ቤት ማለታችን ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሆቴል» ማደሪያ ሲሆን ለምግብ ብቻ የተከፈተው «ሬስቶራንት» ነው። «ሞተር» ስንል ባለ ሁለት እግሩን ተሽከርካሪ ነው፤ በእንግሊዝኛ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ነው። «ትራፊክ አስቆመን» ስንል ፖሊሱን ነው፤ በእንግሊዝኛ «ትራፊክ» በመንገድ ላይ የሚጎርፈው የተሽከርካሪ ብዛት ነው፤ ፖሊሱን ለማለት «ፖሊስ» የሚለው ቃል መጨመር አለበት። እነዚህ ቃላት በአማርኛ ስህተት አይደሉም፤ የእኛ ሆነዋል፤ የሚያፍርባቸውም ሰው ሊኖር አይገባም። ወደ እንግሊዝኛ መልሰን ስንወስዳቸው ብቻ ፍቺያቸውን እንደማናውቃቸው ቃላት ሁሉ ከመዝገቡ ማየት ይገባናል።

ስንት ቃል ማወቅ አለብኝ?

ለምን እንደሚፈልጓቸው ይወሰናል። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ዝርዝር 2,000 ያህል መሠረታውያን ቃላትን የያዘ ሲሆን፣ በተራ ጽሑፍ ውስጥ ከሚያጋጥሙት ቃላት ወደ 80 በመቶ የሚሆኑት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ለከፍተኛ ትምህርት ደግሞ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ዝርዝር አለ፤ 570 የቃል ቤተሰቦችን ይዟል፤ በትምህርታዊ ጽሑፎች ውስጥ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። የቃል ቤተሰብ ማለት ከአንድ ቃል የሚወጡትን ሁሉ አንድ አድርጎ መቁጠር ነው፦ «ዲሳይድ»፣ «ዲሲዥን» እና «ዲሳይሲቭ» አንድ ቤተሰብ ናቸው። ፖል ኔሽን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሰላው፣ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተጻፈን ልብ ወለድ ወይም ጋዜጣ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ።

ቁጥሩ አያስደንግጥ። የመጀመሪያዎቹ 2,000 ቃላት የሚሰጡትን ያህል የኋለኞቹ አይሰጡም። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ወይም ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ ተማሪ መሠረታውያኑንና 570ዎቹን በፍቺና በምሳሌ በሚገባ ቢይዝ፣ ብርቅ ቃላትን ከየቦታው ከሚለቃቅም ጓደኛው ይልቅ መጽሐፉን ይረዳል።

የያዝኩትን ቃል በሳምንቱ እረሳዋለሁ። መፍትሔው ምንድን ነው?

መርሳት የሁሉም ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተጠና ነገር አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሚጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ግን የመርሳቱ ፍጥነት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚህ የሚወጣው ምክር ክለሳን ማራራቅ ነው፦ በማግሥቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ። ሲከልሱ ፍቺውን በወረቀት ሸፍነው ከአእምሮዎ ለማውጣት ይሞክሩ፤ ደብተሩን ገልጦ ማንበብ ብቻ ቃሉን የምናውቀው ያስመስለናል እንጂ አያስይዘንም።

በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪ ግስ ያጠናል፤ የግእዙን ግስ ከነአማርኛ ፍቺው በቃሉ ይይዛል። ነገር ግን እዚያ አያቆምም፤ ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔ ጀምሮ በያዘው ግስ የራሱን ቅኔ መቍጠር፣ ማለትም መድረስ፣ ይጠበቅበታል፤ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ቢቀርብ ተቀባይነት የለውም። ግሱ የሚጸናለት ሲሸመድደው ሳይሆን ቅኔ ሲቈጥርበት ነው። የእንግሊዝኛ አጠናናችን የመጀመሪያውን ግማሽ ከቅኔ ቤት ወስዶ ሁለተኛውን ትቶታል፤ በእኔ እምነት ከመርሳታችን ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ይኸው ነው። በቀን አምስት ወይም ስድስት ቃል ይዞ በእያንዳንዱ የራስን ዓረፍተ ነገር መሥራት ሠላሳ ቃል ከመሸምደድ ይበልጣል።

በፈተና ላይ የማላውቀው ቃል ሲያጋጥመኝስ?

በዙሪያው ያለውን ዓረፍተ ነገር እንደ ፍቺ ያንብቡት። «ዘ ሎውላንድስ ኢስት ኦፍ ባቲ አር አሪድ፤ ሬይን ኢዝ ሬር ዜር» በሚለው ውስጥ «አሪድ»ን ባያውቁትም፣ ሁለተኛው ክፍል ዝናብ ብርቅ መሆኑን ስለሚናገር ደረቅ ማለት መሆኑን ይደርሱበታል። «በት» ተቃራኒ ሐሳብ፣ «ሰች አዝ» ምሳሌ፣ «ዛት ኢዝ» ደግሞ ማብራሪያ እየመጣ መሆኑን ያመለክታሉ።

አነባበቡን በአማርኛ ፊደል ብጽፈው ምን ችግር አለው?

መርከብና በግ በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ሲሆኑ በፊደላችን ሁለቱም «ሺፕ» ሆነው ይቀራሉ፤ ማሰብና መስጠምም እንዲሁ ሁለቱም «ሲንክ» ይሆናሉ። በዚህ ላይ ፊደላችን የትኛው ክፍለ ቃል ጎልቶ እንደሚነገር አያሳይም። በላቲን ይጻፉ፤ ጎልቶ የሚነገረውን ክፍል ከሥሩ ያስምሩ፤ ድምፁን ከስልክ መዝገበ ቃላት ያዳምጡ።

የስልክ መዝገበ ቃላት ይሻላል ወይስ የወረቀት?

ድምፅ ስላለው ስልኩ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ። መብራትም ኔትዎርክም በሚጠፋበት ቀን ግን ደብተሩ ይኖራል። የስልኩን ፍቺ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ከመጻፍ አይቆጠርም።

ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። በእንግሊዝኛ ስም የሌላቸውን ነገሮች እንዴት ላስረዳ?

እዚህ ላይ ተራው ይለወጣል፤ ፍቺ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት። አሠራሩ የመዝገበ ቃላቱ ነው፦ መጀመሪያ ነገሩ የሚመደብበትን ወገን፣ ቀጥሎ ከወገኑ የሚለየውን መናገር። መንዙማን ለማስረዳት «መንዙማ ኢዝ ኤ ሪሊጅየስ ፖም» ካሉ ወገኑን ሰጡ፤ «ዛት ሙስሊምስ ኢን ወሎ ሲንግ ኢን ፕሬይዝ ኦፍ ዘ ፕሮፌት» ሲሉ ደግሞ ለዩት። ጠላን «ቢር» ብለው ብቻ ከተዉት እንግዳው ጠርሙስ ይጠብቃል፤ «ኤ ሆም ብሩድ ቢር፣ ፍሌቨርድ ዊዝ ጌሾ ሊቭስ» ቢሉ ግን ጣሳው ሲመጣ አይደነግጥም። ጌሾ ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር የእርሱንም ፍቺ አዘጋጅተው ይቆዩ።

ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላትም በጥንቃቄ ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት «ቢልት» ያለ አስጎብኚ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ የተሠሩ ናቸው ብሏል። ትክክለኛው «ካርቭድ» ወይም «ሄውን» ነው፤ ሁለቱም ከአለቱ ላይ እየቀነሱ ማውጣትን ይናገራሉ። «ሄውን» በዕለት ንግግር ብዙም አይሰማም፤ ስለ ፍልፍል ሕንፃዎች በተጻፉ መጻሕፍት ግን «ሮክ» ከሚለው ቃል ጋር ተጣምሮ በየገጹ አለ። ለተራ ጎብኚ «ካርቭድ» ይበቃል፤ አስቀድሞ አንብቦ የመጣው «ሄውን» ብሎ ሲጠይቅዎ ደግሞ ቃሉ አዲስ አይሁንብዎ።